ለሂናው ቀን የደበቅኩት ጀርባ

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ዛሬ የአክስቴ ልጅ የፈቲያ የሂና ቀን ነበር። እስካሁን ብቻዬን እየሳቅኩ ነው።

ሰኞ ለብጉሬ ብዬ ድንበር ተሻግሬ ዋግምት ማስደረጌን ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ማንያታ በምትባለው ሰፈራችን አንዷ ካወቀች ሁሉም ያውቃል። ዋግምት የምታደርገው ሴትዮ ኩባያዎቿን ጀርባዬ ላይ ደርድራ "መጥፎው ደም ሲወጣ ፊትሽ ይጠራል" አለችኝ። ፊቴ እንደነበረ ነው። ጀርባዬ ላይ ግን የኩባያዎቹ ክብ ምልክት ጠቁሮ ቀረ። ያሰፋሁት ቀሚስ ደግሞ ጀርባው ክፍት ነው። በዚያ ሙቀት ሻርፕ ደርቤ ተቀመጥኩ።

ለጭፈራ ስንነሳ ሙሽሪቷ ፈቲያ ራሷ ሻርፔን ሳበችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጀርባዬን አየችና ዞራ ቀሚሷን ከትከሻዋ ዝቅ አደረገች። የእሷም ጀርባ ላይ ያው ክብ።

"ወላሂ፣ እናንተም?" አለች ጎረቤታችን ዘሃራ፣ የራሷን ሻርፕ እየጣለች። ለካ ሁላችንም በየተራ፣ በድብቅ፣ እዚያችው ሴትዮ ቤት ሄደናል።

አክስቴ ማንም ሳይጠይቃት "እኔ እንኳ ለወገቤ ነው" አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሻርፑን ጥለን እስኪደክመን ጨፈርን። ብጉር እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ አሁን ገብቼ መስታወት ሳይ ነው።