በእውነተኛ እሳት

ሚያዝያ 14
«የዚህ ከተማ ሰዎች ጠፍተዋል፤ አንድም አልተረፈም» አለ አስጎብኚው ለቱሪስቶቹ፣ ከትልቁ ፒራሚድ ሥር ቆሞ። ማገዶ ተሸክሜ ከኋላቸው እያለፍኩ ነበር። አመንኩት። የተማረ ልጅ ነው፣ ባጅ አንጠልጥሏል። ቤት ገብቼ እኛ ማያዎች መጥፋታችንን ለባለቤቴ ለሮኼሊያ ነገርኳት።
«ታዲያ ቦሎቄው ለማን ነው የተቀቀለው?»
በላሁ። ለጠፋ ሰው የምግብ ፍላጎቴ ደህና ነው።

ሚያዝያ 17
ሽማግሌያችን ቃዋ ክሪሳንቶ ጊዜው ደርሷል አለ። ኮረብታው ፈቃድ ሳይጠየቅ በቆሎ አይተከልም። የሚጠየቀው ደግሞ እዚያው ፍርስራሹ መሐል፣ ፒራሚዱ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ሻማና የኮፓል ሙጫ አቃጥለን ነው። ተክለን እስክንጨርስ ጨው የለም። ሚስትም የለችም። ተከላዩ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ሐማክ፣ የተንጠለጠለ የገመድ መኝታ ላይ ያድራል። ሮኼሊያ አልጋው ሰፋልኝ አለች... ደስታዋን ትንሽ ብትደብቀው ምን ነበር?

ሚያዝያ 21
ከለከለን። የፍርስራሹ አዲስ ሥራ አስኪያጅ፣ ኢንጅነር ሞራታያ። እሳት ቅርሱን ይጎዳል ነው የሚለው። ቃዋ ክሪሳንቶ ባርኔጣውን አውልቆ አመሰገነና ወጣ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አስተማሪ ነበርኩ፤ ዝም ማለት አልለመደብኝም።
«ስማ ኢንጅነር፣ ይኼን የሠሩት አያቶቼ ናቸው። አያቶቼ ቤት ሻማ ላበራ አንተን ነው የማስፈቅደው?»
«ዶን ኤሊሂዮ፣ ስሜትዎን እረዳለሁ።»
ስሜቴን ይረዳል። በሩን ግን አይከፍትም።

ሚያዝያ 26
ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። ዝናቡ ከቀደመን የመነጠርነውን መሬት አረም ይወርሰዋል፤ የዓመት ቀለባችን ነው የሚሄደው። ግን ሳይጠይቅ የሚተክል አንድ ሰው የለም። መንደሩ ጨው በናፈቀውና ሐማክ ወገቡን በቆለመመው ወንድ ተሞልቷል። ዛሬ አህያዬን ሰደብኳት። ምን አደረገችኝ?

ግንቦት 1
ፍርስራሹ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ቅዳሜ፦ ጥንታዊው የማያዎች ጸሎት። በእውነተኛ እሳት።» ከዋና ከተማው ተዋናዮች ይመጣሉ፣ ላባ ለብሰው። ደግሜ አነበብኩት። የኛን ሻማ የማይችል ድንጋይ የነሱን ችቦ ይችላል? ... ላባ! እኛ መንደር ላባ ለብሶ የሚዞረው ዶሮ ነው።

ግንቦት 4
ሞራታያ ራሱ መንደር ድረስ መጣ። ተዋናዮቹ በክፍያ አልተስማሙም፣ ቀርተዋል። እኛ ብንሠራለትስ? ... ሞቼ እገኛለሁ ልል አፌን ስከፍት ቃዋ ክሪሳንቶ ቀደመኝ። እሳቱን የሚያነደው ማን እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። እናንተ፣ አለው። እንመጣለን፣ አለ ሽማግሌው።
መንገድ ላይ ተከትዬ ያዝኩት። ጸሎታችንን ለካሜራ? አያፍርም?
«ኤሊሂዮ፣ ኮረብታው ተመልካች አይቆጥርም። አንተ መቆጣት ነው የምትፈልገው መትከል?»
ሁለቱንም ነው የምፈልገው።

ግንቦት 6፣ ቅዳሜ
ተደረገ። ላባውን እምቢ ብለን የታጠበ ሸሚዛችንን ለብሰን ሄድን። ሻማው በራ፣ ኮፓሉ ጨሰ፣ ለኮረብታው የሚቀርበው የካካዎ መጠጥ መሬት ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ቃዋ ክሪሳንቶ እንደ ወጉ ተከላዮቹን አንድ በአንድ እሳቱ ፊት አቆመ። እያንዳንዱ የት እንደተወለደ፣ ማን ወደዚህ እንዳመጣው ለኮረብታው ይናገራል። ለሚዋሽ ሰው በቆሎ አይሰጥም። ቱሪስቶቹ ቋንቋችን አይገባቸውም፤ ፎቶ ያነሳሉ። አንዷ አለቀሰች። አንዱ ከበሮ የለም ብሎ ቅር አለው። አስጎብኚው ደግሞ ትወናቸው ግሩም ነው፣ እውነት ይመስላል፣ አለ። አንቄው ነበር... ግን እጄ ላይ ሻማ ነበር።
ተራዬ ሲደርስ ድምፄ አነሰ።
«ጮክ በል፣ ኮረብታው አልሰማህም» አለኝ ቃዋ ክሪሳንቶ።
ደገምኩት። ቱሪስቶቹ አጨበጨቡ።

ግንቦት 9
ዘነበ። ተከልን።

ግንቦት 11
ጨው! ሮኼሊያ አልጋው ጠበበኝ ብላ አጉረመረመች። አልገፋችኝም።

ግንቦት 19
በቆሎው ብቅ ብሏል። ሞራታያ ማታ ቤት መጣ፣ ሮኼሊያ የበቆሎ ቂጣችንን፣ ቶርቲያ አቀረበችለት። ከእንግዲህ በየዓመቱ ገብታችሁ ጸልዩ፣ እኔ እያለሁ ማንም አይከለክላችሁም አለ። ለካ ያን ቀን የጮህኩበት ነገር ሆዱ ገብቷል። አንድ ልመናም ነበረው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒራሚዱ ሥር ቆሜ፣ ከተማውን የሠሩት ሰዎች የልጅ ልጅ ነኝ ብዬ ለቱሪስቶቹ ንግግር እንዳደርግ። ባጅ ያሠራልኛል።
እምቢ አልኩት። አሁንም የተቆጣሁ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ።
አልተቆጣሁም። ለኮረብታው እንደነገርኩት፣ የተወለድኩት እዚህ አይደለም፤ ካርቻ ነው፣ ደጋው ላይ። አባቴ መሬት ፍለጋ ወደዚህ ጫካ ሲገባ አዝሎኝ ነበር። ስንደርስ ከተማው ባዶ ነበር።