ከሐምራዊው አጥር ወዲህ

ኦገስት 16፣ ቅዳሜ

ሺፍት ጨርሼ ልብስ አጠብኩ። ከዚያ ለልጄ ለሄቨን ምስር ይዤ ከፕሌኖ ወደ ፍሪስኮ ነዳሁ። ትራፊኩ እንደ ልማዱ። አፓርታማዋ ንጹሕ ነው... ሰው የማይኖርበት ይመስላል። ሶፋው ላይ ቀስት። የልጅ መጫወቻ አይደለም፣ የእውነት ቀስት ነው።

ምንድን ነው አልኳት። ለአጋዘን አደን ነው አለች፣ ኦክቶበር ሲገባ። ፐብሊክ ላንድ ላይ... ማለቴ ማንም ፈቃድ አውጥቶ የሚገባበት የመንግሥት ጫካ። ከማን ጋር? ብቻዋን። ሳይነጋ ገብታ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ መጠበቅ።

ብዙ ተናገርኩ። ምን ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ስጨርስ፣ "ማሚ፣ ፈቃድ እየጠየቅኩሽ አይደለም። እዛ ማንም ሰው አያዝንልኝም፣ ለዛ ነው" አለች።

እጮኛዋ ፊልሞን ቀለበቱን ካፈረሰ ወዲህ እንዲህ ናት። ቸርች የለም፣ እኛ ቤት መምጣት የለም። ቴክስት ሳደርግላት "ኦኬ" ብቻ። ልጁን ይቅር ልለው አልቻልኩም። ምን በደለችው?

ኦገስት 19

ባለቤቴ ነጋሽ ከነብራስካ ደወለ፣ ትራኩ ላይ ሆኖ። የሄቨንን ነገር ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። "እኛ የምናውቀው አዳኝ አንድ ነው" አለ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ጥቁር ልጅ፣ ጫካ ውስጥ፣ ሳይነጋ፣ መሣሪያ ይዛ... አንዱ ባለ መሬት ቢያያት ምን ያስባል? እኔም የፈራሁት ይሄንኑ ነው። ከአፌ አላወጣሁትም እንጂ።

ከልክያት አለኝ። ምን ብዬ?

ኦገስት 20

ኮል አደረግኩላት። እሺ፣ እኔም አብሬሽ እመጣለሁ አልኩ። ኮርስ አለው አለች፣ ላይሰንስ አለው፣ ቀስት መሳብ አለው። እማራለሁ አልኩ። የምተወው መስሏታል።

ኦገስት 30፣ ቅዳሜ

ኮርሱን አለፍኩ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ።

ግሬፕቫይን ከተማ ያለው የቀስት መለማመጃ ወሰደችኝ። ቀስቱን መሳብ አቃተኝ። በሽተኛ የማገላብጥበት ክንድ ነው፣ ግን ይሄ ሌላ ጡንቻ ይፈልጋል። አሰልጣኙ አላላልኝ። የመጀመሪያው ፍላጻ ጣሪያ መታ። ሄቨን አፏን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። እየሳቀች ነው። ስንት ጊዜዬ ነው ሳቋን ካየሁ?

ትከሻዬ ይቃጠላል።

ሴፕቴምበር 14፣ እሁድ

ከቸርች ስወጣ እህት እታለማሁ ያዘችኝ። ሄቨን እንዴት ናት፣ እየጸለይንላት ነው አለች። ተባረኪ ብዬ ሮጥኩ። መኪናው ውስጥ ቀስት እንዳለ ብታውቅ...

ሃያ ያርድ ላይ እመታለሁ። ሠላሳ ላይ አንዴ እመታለሁ፣ አንዴ እስታለሁ። "እንግዲያው ከሃያ ካለፈ አትለቂም" አለች ሄቨን። "ቆስሎ የሚሄድ ነገር አልፈልግም።" አነጋገሯ አስደነገጠኝ። ስለ አጋዘን ብቻ ነው?

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ

ቦታውን አየነው። ከዴንተን በላይ፣ ሐይቁ ዳር። የአጋዘን ዱካ አለ፣ የሽንቱ ኮምጣጣ ሽታ አለ። በስተሰሜን አጥር አለ፤ እንጨቶቹ ሐምራዊ ቀለም ተቀብተዋል። እዚህ አገር ሐምራዊ ማለት አትግባ ማለት ነው። ከዚያ ማዶ የሰው መሬት ነው።

ሰው ከመጣ እኔ ነኝ የማወራው፣ አንቺ ዝም በይ አለችኝ። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ እንግሊዝኛው የእሷ ነው። ክሊኒክ እሷ፣ ስኩል እሷ፣ አፓርታማ ኪራይ እሷ። እኔም ለመድኩት። ቀኑን ሙሉ በሽተኞቼን የማዋራው በምን ቋንቋ ነው ታዲያ?



ኦክቶበር 3

ነገ ነው። ላይሰንሴን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ኦክቶበር 4፣ ቅዳሜ

 እንዳይጠፋኝ ልጻፈው።

ሳይነጋ ገባን፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ወፍ መንጫጫት ሲጀምር በእኔ በኩል አጋዘን መጣ። ወንድ። አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ሄቨን ጉልበቴን ነካችኝ፣ አንቺ ለማለት። ከሃያ አይበልጥም። ሳብኩ... ለቀቅኩ።

ፍላጻው ከልቡ ትንሽ ወደ ኋላ አገኘው። ዘሎ ጠፋ። ከተከተልነው ይርቃል አለች፣ ጠበቅን። ከዚያ ደሙን እየተከተልን ሄድን። ደሙ አጥሩን ተሻገረ። ሐምራዊውን።

ሄቨን ቆመች። "ማሚ፣ እንተወው።" ፊቷ አመድ መስሏል። ማዶ ቤት አለ፣ በረንዳው ላይ ባንዲራ፣ ውሻ ይጮኻል። አላውቅም አለች፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አላውቅም... እኔስ አውቃለሁ? ግን እኔ ነኝ ያቆሰልኩት። ሣር ውስጥ ወድቆ እየተነፈሰ ቢሆንስ?

በመኪና ዞረን በሩ ጋ ደረስን። ቀስቱን ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ቆለፍኩ። "ወጣ እንዳትዪ" አልኳት። አነጋገሬ ነው መሰለኝ እንደ ልጅነቷ ያስቀመጣት።

እጆቼን እያሳየሁ ሄድኩ።  ሽማግሌ ነጭ ሰው በረንዳው ላይ ወጡ። እዚያው ቁሚ አሉ። ቆምኩ። ስሜን ነገርኳቸው። አጋዘን አቁስዬ ወደ እርስዎ ገባ፣ አጥርዎን አልተሻገርኩም፣ ይፍቀዱልኝ አልኩ። መኪናው ውስጥ ማን ነው አሉ። ልጄ ናት።

ዞረው ቤት ገቡ። ምን ይዘው ይወጣሉ? ጌታ ሆይ አልኩ።

ስልክ ይዘው ወጡ። ለአደን ተቆጣጣሪው ደውለው አጣሩ። ላይሰንሴን አዩ። ከዚያ፣ "አንቺ ብቻ ነይ። እሷ እዚያው ትቆይ።"

ብቻዬን ተከተልኳቸው። ስዞር ሄቨን ሁለት እጇን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች።

ከጥድ ሥር አገኘነው። ሞቷል። ተንበረከክኩ፣ አንገቱ ገና ይሞቃል። አለቀስኩ መሰለኝ። ሽማግሌው አንዱን እግር ያዙና አብረን ጎተትን።

ሄቨን ከመኪናው ወጥታ መንገዱ ላይ ቆማለች፣ ፖሊስ ልትጠራ ስልኳን ጨብጣ። አቀፈችኝ። ደም ነክቶኛል ብላት አልለቀቀችም።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ፣ "ማሚ፣ ፊልሞን አይደለም ያፈረሰው። እኔ ነኝ" አለች።

መሪውን አጥብቄ ያዝኩ።

"አልወደድኩትም። ግን አንቺ በጣም ደስ ብሎሽ ነበር።"

ይሄን ሁሉ ጊዜ ልጁን ስረግመው ቁጭ ብላ ሰማችኝ። እኔን ፈርታ። ጫካውን ሳትፈራ እኔን...

 ስጋው እንዳይበላሽ በረዶ እንግዛ አልኩ። እሺ አለች። ቀኝ እጄን ግን ከመሪው አንስቼ እጇን ያዝኩ።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሄቨን ብቻዋን ጫካ ገባች። የምትቀመጥበትን ቦታ ሳልጠይቃት ትላንት ላከችልኝ። ነጋሽ ከመንገድ ተመልሷል። ለምን ለቀቅሻት አለኝ። ትሂድ አልኩት፣ አላብራራሁም።

ረፋዱ ላይ የአጋዘኑን ስጋ ስጠብስ ደወለች። ምንም አላየችም፣ አንድ ኮዮቴ ብቻ፣ የዚህ አገር ቀበሮ። ከዚያ አልዘጋችም። ስለ ፊልሞን ጀመረች፣ ከመጀመሪያው ቀን... ነጋሽ ስጋው እያረረ ነው ይላል። ይረር አልኩ በእጄ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።