ታስሮ የተፈታው ዓሣ

ወገዳ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 15

በዛሬው ዕለት አንድ ዓሣ ለጥቂት ደቂቃ ታስሮ በነፃ መለቀቁን በጥልቅ ሐዘን እመዘግባለሁ። አሳሪው እኅቴን ለማግባት ሽማግሌ የላከው ሙሉቀን ነው። በጣና የመንጠቆ ውድድር ሦስት ዋንጫ ወስዷል፤ ከሦስቱም አንድ ጉርሻ አልወጣም።

አባባ «መልስ ከመስጠቴ በፊት ሙያውን ልየው» ብለው እኔንና እኅቴን አስከትለው ወንዝ ወረዱ። ሻምፒዮኑ ዓሣውን አወጣ፣ መዘነ፣ አቅፎት ፎቶ ተነሣ፣ መልሶ ውሃ ውስጥ ጨመረው።

«ምነው ልጄ፣ የታመመ ነው እንዴ?»

«አይደለም አባባ፣ ደንቡ ነው። ይዘን እንለቃለን።»

«እንግዲያ የያዘውን ለሚለቅ ሰው ልጄን አልሰጥም።»

እኔ ብቻዬን በሙሉ ድምፅ ደገፍሁ።

እርማት፦ ከላይ «የያዘውን የሚለቅ» የተባለው ዓሣን ብቻ የሚመለከት ነው። ዳገቱን ስንወጣ ሙሉቀን የእኅቴን እጅ ይዞ፣ እስከ በራችን አልለቀቀም። አባባም ይህን አይተው በሩን ራሳቸው ከፍተውለታል።