በግራ በኩል የሚወጡባት መኪና

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? የእንጅባራ ውርጭ ዘንድሮ እንዴት ይዞዎታል? ያ እግርዎ በታኅሣሥ እንደሚብስበት ስለማውቅ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። እናቴስ ደህና ናት? ገብሱ ተሰበሰበ? ላሟስ በሰላም ወለደች? እኔ አምላክ ይመስገን ጤናዬ ሙሉ ነው፤ ሥራዬም ሞልቶልኛል፤ የጎደለኝ የእናንተ ዓይን ብቻ ነው። ለየሻረግ ሰላም በሉልኝ እንዳልል ይህን የምታነብልዎ እሷው ናት። ስለዚህ ለራሷ ልንገራት። እህቴ፣ እንደምን አለሽ? ባለፈው ጊዜ ደብዳቤዬ ረዘመብሽና መካከሉን ዘለሽ «ደህና ነኝ ይላል» ብለሽ እንደ ጨረስሽው ሰምቻለሁ። ይህን ግን አንድ ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላቸው፤ ካልሆነ ስመጣ እንጣላለን።

አባቴ፣ መኪና ገዛሁ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ብቻዬን ሣቅሁ። ከዘመዶቻችን መካከል መኪና የገዛ አለ ወይ ብዬ አንድ በአንድ ባስብ አንድም አጣሁ። ትዕቢት ነው ካሉኝም ይሁን፤ ዛሬ ትንሽ ልኩራ፣ ንስሐውን በሁዳዴ እገባለሁ።

ስንት ኩንታል ትጭናለች እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አንድም አትጭንም። ስንት ሰው ታሳፍራለች ቢሉኝ ሁለት፤ ነጂውንና ጎኑ የሚቀመጠውን። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ሲፈልጉ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ይታጠፋል። ለፍጥነት የተሠራች፣ ፈረንጆቹ ስፖርት የሚሏት ዓይነት ናት። ጋራዥ አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ደሴ፣ በዚህ ገንዘብ አሮጌ ታክሲ ገዝተህ በተጠቀምክበት፣ አብደሃል ብሎ ሦስት ቀን አኩርፎኝ ሰነበተ። አላበድኩም። እንዴት እንደመረጥኳት ልንገርዎና እርስዎ ይፍረዱ፤ ፈረስ መምረጥ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

አስቀድሜ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል። ከጥቅምት ጀምሮ የጋራዡ ዋና መካኒክ እኔ ሆኛለሁ። ጣልያኑ ባለቤት ሰባት ሰው በእጄ ሰጥቶኛል፤ ሩቅ አገር የሚሄድ መኪና እኔ ሳላየው ከግቢው አይወጣም። በስሜ የሚጠራኝ ግን የለም። «ሁለቴ» ነው የሚሉኝ። ጎማ ስገጥም ቡሎኑን አጠብቅና መኪናውን ግቢውን አንድ ጊዜ አስዞረዋለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ እንደገና አጠብቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ይሥቁብኝ ነበር። ዛሬ ጣልያኑ ራሱ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር እንደ ሁለቴ አድርግ ይለዋል። ይህን ልማድ ከየት እንዳመጣሁት እዚህ ካሉት ሰዎች አንዱም አያውቅም። እርስዎ ሳያውቁ አይቀሩም።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። የመጀመሪያዋ፣ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ የሚሸጣት ቀይ መኪና ነበረች። ከማብረቅረቋ የተነሣ ፊትዎን ያዩባታል። ሰውየውን ሰላም ከማለቴ በፊት መዳፌን የሞተሯ ክዳን ላይ አሳረፍኩ፤ ይሞቃል። ዳንግላ ገበያ ያ ነጋዴ ፈረሱ ንቁ እንዲመስል ጠላ አጠጥቶ ያቀረበልን ትዝ ይልዎታል? አፉን አሽትተው፣ ይህ ፈረስ ዛሬ ከእኔ ይልቅ ደስ ብሎታል ብለው ጥለውት ሄዱ። እኔም ፈረንጁ በብርድ የማትነሣ መኪና አሙቆ እንደ ጠበቀኝ ገባኝ። በማግሥቱ ሳልነግረው ማለዳ ደረስኩበት። እንደ ጉንፋናም ሰው ስትስል፣ ስትስል ቆይታ ሳትነሣ ቀረች። እኔም ፊቴን አዞርኩ።

ሁለተኛዋ ሞተሯ ጤነኛ ነበር፤ ዋጋዋም ከአቅሜ አይወጣም። ወንበሯ ግን እንደ በርጩማ ቀጥ ያለ ነው፤ ጉልበቱን ያላጠፈ ሰው አይቀመጥባትም። ይህን እንዴት እንዳወቅሁ ስነግርዎ ሊሥቁ ነው። ከጋራዡ አንድ ጣውላ ቆርጬ ግራ እግሬን ከጭኔ እስከ ባቴ በገመድ አስሬ፣ በላዩ ሰፊ ሱሪ ለብሼ ነበር መኪና የማየው። የምሞክራቸውም ከነጂው ወንበር ሳይሆን ከጎኑ ካለው ወንበር ነው። ሻጩ ግራ ቢገባው ለመሆኑ የሚነዳት ማነው ብሎ ጠየቀኝ። እግሬን ለማስገባት ወዲያና ወዲህ ስል ጣውላው ሥጋዬን ያዘኝ፤ ላብ አጠመቀኝ። እርስዎ በየቀኑ ከመደብ ተነሥተው ለመቆም ምን እንደሚከፍሉ ያን ጊዜ ገባኝ። ከመኪናዋ ወርጄ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ሰውየው ያመመኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። ደግ ሰው ነው፤ መኪናዋ ግን አልሆነችኝም።

ሦስተኛዋ ይህችው የእኔዋ ናት። የሸጠልኝ አንድ እንግሊዛዊ መምህር ነው። በግማሽ ዋጋ ያገኘኋት በሽታ ኖሮባት አይደለም፤ በመሪዋ ምክንያት ነው። ካቻምና መኪና ሁሉ በግራ መሄዱ ቀርቶ በቀኝ ይሂድ ከተባለ ወዲህ፣ መሪያቸው በቀኝ በኩል የሆነ መኪናዎች ፈላጊ አጡ። ነጂው የሚቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ስለሆነ፣ ከፊቱ ጭነት መኪና ካለ ማዶውን ማየት አይችልም። ለማለፍ ሲፈልግ ጎኑ የተቀመጠው ሰው አይቶ «እለፍ» ሊለው ይገባል። ሰው ሁሉ የሸሻት ለዚህ ነው።

እኔ ደግሞ የወደድኳት ለዚህ ነው። ወንበሯ ከመሬት ዝቅ ያለ፣ ወደ ፊት እግር እንደልብ የሚያስዘረጋ ነው። ጣውላ የታሰረበት እግሬ ምንም ሳይነካ ቀጥ ብሎ ገባ። በሯ ረጅም ነው። ማንም ደግፎ፣ ማንም ተሸክሞ አያስገባዎትም፤ ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጣሉ፣ እግርዎን ያስከትላሉ፣ አለቀ። መነሣቱ ይከብዳል፣ አልዋሽዎትም፤ ስለዚህ በእጅዎ ጨብጠው የሚነሡበት ብረት በይጄላታለሁ። ከነጂው ጎን የሚቀመጠው ሰው የሚገባውም በግራ በኩል ነው። ፈረስ በየት በኩል እንደሚወጣ ለእርስዎ አልነግርም። ቀለሟ ደግሞ ዳማ ነው፤ ልክ ፈረሳችን ዳማ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደሚመስለው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። መምህሩ ሳነክስ አይቶ አዘነልኝና ከዋጋው ላይ ሌላ ቀነሰልኝ። እጁን ጨብጬ ከተስማማሁ በኋላ ሐፍረት ያዘኝ። ሱሪዬን ሰብስቤ ጣውላውን ፊቱ ፈታሁና እግሩ የማይታጠፈው እኔ ሳልሆን አባቴ ናቸው አልኩት። ጣውላውን እያገላበጠ አየው። ከዚያ ዋጋው ያው ነው፣ እኔም አባት አለኝ አለኝ።

ወለሏ በዝገት ተበልቶ ነበር፣ አዲስ ቆርቆሮ መታሁላት። የጣሪያዋን ሸራ መርካቶ አንድ ኮርቻ ሰፊ ዘንድ ወስጄ አሰፋሁት፤ ከልብስ ሰፊ ይልቅ የእሱን እጅ አመንኩ። የእኛ መንገድ ድንጋይ ስላለበት ሆዷ እንዳይነካ ባሌስትራዋን ከፍ አደረግሁ። ባለፈው እሑድ ጎሐ ጽዮን ድረስ ነድቻት አባይን ከላይ አይቼ ተመለስኩ። ዳገቱን ስትወጣ ድምፅዋን ቢሰሙልኝ! ሰዎች ከደጃቸው ወጥተው ሲያዩኝ፣ የማን ልጅ ነው ቢሉኝ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ አንድም የጠየቀኝ የለም እንጂ መልሱ አፌ ላይ ነበር።

አሁን የሻረግ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። እናታችን ብትሰማ ግድ የለም። ጎረቤት ካለ ግን እስኪሄድ ጠብቂና ቀጥይ።

ባለፈው መስከረም ኑርሁሴን፣ ያ የጫግኒው ነጋዴ፣ ጭነት መኪናውን ሊያሠራ ጋራዣችን መጣ። ዳማን ከእርስዎ የገዛው እሱ ነው። ስለ ፈረሱ ጠየቅሁት። በእርጅና እንደ ሞተ ነገረኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በገበያ ግርግር፣ በመኪና ጥሩምባ መካከል ሲያመላልሰው አንድ ቀን እንኳ ደንብሮ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ረጋ ያለ ፈረስ አባትህ ለምን ሸጡልኝ ብሎ ጠየቀኝ። ደንብሮ ስለጣላቸው ነው ማለት አቃተኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ መኪናው ሥር ገባሁ።

አባቴ፣ ዳማ አልደነበረም። ያን የጥር ጊዮርጊስ ዕለት ኮርቻውን የጫንኩት እኔ ነኝ። ፈረስ ኮርቻ ሲጭኑበት ሆዱን ይነፋል፣ ጥቂት አራምደህ ጠፍሩን ሁለተኛ አጥብቅ እያሉ ያሳደጉኝ ልጅ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቴ አዲስ ኮቴን ለሜዳው ሰው ላሳይ ቸኩዬ አንድ ጊዜ ብቻ አጥብቄ ሄድኩ። እርስዎም በእኔ ተማምነው ሳያዩት ወጡ። ጉግሱ እንደ ጀመረ ኮርቻው ዞረ። ከሁሉ ቀድሜ የደረስኩ እኔ ነበርኩ። ዳማ ራስዎ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ የደነበረ ፈረስ እንዲያ አይቆምም። እግርዎ ከሥርዎ ተጣምሞ ሳለ እጅዎን ወደ ፈረሱ ሆድ ዘርግተው ጠፍሩን ከነአካቴው ሲፈቱት አየሁ። ኮርቻው ወደቀ። የፈረሰኛ ማኅበርተኞቹ ሲደርሱ ጠፍሩ ጠብቆ ይሁን ላልቶ የሚያሳይ ነገር አልነበረም። እርስዎም ፈረሱ ደንብሮ ነው አሉ።

ሰው ሁሉ በፈረሱ ፈረደ። እኔ ዝም አልኩ። እርስዎም ዝም አሉ። በዚያው ዓመት አገሩን ለቅቄ ወጣሁ፤ ሥራ ፍለጋ ነው አልኳችሁ። እርስዎ ግን እኔን ሲሸኙ በሩ ላይ ቆመው፣ የያዝከውን ሁሉ አጥብቀህ ያዝ ብለው መረቁኝ። ሌላው ሰው ምርቃት ብቻ መሰለው።

እንግዲህ ለጥር ጊዮርጊስ እመጣለሁ። በቡሬ፣ በጥሊሊ አድርጌ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድሜ እደርሳለሁ። በበዓሉ ቀን ፈረሰኞቹ ከመነሣታቸው በፊት በማኅበሩ ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ፣ ዳማ አልደነበረም፣ ጠፍሩን ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ ልል አስቤያለሁ። ዛሬ ሰባት ሰው የሚያዝ፣ ሰው ሕይወቱን አምኖ መኪናውን የሚሰጠው መካኒክ ሆኜ በአንድ በሞተ ፈረስ ላይ ጥፋቴን ጭኜ መኖር አልቻልኩም። ይህ የእርስዎን ቃል ማፍረስ መስሎ ከታየዎ ደጃችን ስደርስ ይንገሩኝ፤ የሸሸጉት ለእኔ ብለው ነውና ያለ ፈቃድዎ አልገልጠውም።

መኪናዋን ግን እንዳይከለክሉኝ። ዘጠኝ ዓመት፣ ከፈረሰኛ መካከል እግረኛ ሆኜ አልታይም ብለው ቤት ቀርተዋል። በቅሎ ቢያመጡልዎም ሰው አንሥቶ የሚያስቀምጠኝን ኮርቻ አልፈልግም ብለዋል። አልፈርድብዎትም፤ እኔም የእርስዎ ልጅ ነኝና እንዲያው እል ነበር። አሁን ግን እግረኛ አይሆኑም፣ ማንም አያነሣዎትም። ኮርቻው ላይ ይነጠፍ የነበረውን የዳማን ግላስ እናቴ ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጠችው አውቃለሁ፤ ወንበርዎ ላይ አነጥፈዋለሁ። ጣሪያዋን እከፍታለሁ። ነፋሱ ጋቢዎን ይያዘው። ማኅበርተኞቹ በቀኝና በግራ ሲጋልቡ በመካከላቸው እናልፋለን፤ ያን ጊዜ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሰው ሁሉ ያያል።

ደሴ፣ ያቺን መኪና ብቻህን ስትነዳት እፈራለሁ ይለኛል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ከዚህ እስከ እንጅባራ ከጭነት መኪና ኋላ አቧራ እየጠጣሁ ቀስ ብዬ እመጣለሁ እንጂ አንዱንም አልቀድምም። ከቤታችን ደጅ እስከ ሜዳው ግን ከኋላ መቅረት አልፈልግም። በግራዬ ተቀምጦ፣ ማዶውን አይቶ «እለፍ» የሚለኝ ሰው ያስፈልገኛል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ እግርዎን ከብርድ፣ ልብዎን ከቅሬታ ይጠብቅልኝ። የሻረግ፣ የእናቴን ጉልበት ሳሚልኝ። ቤታችን ከጥጋብና ከፍቅር አይጉደል፤ እኔንም ለደጃችሁ ያብቃኝ።

ያን ቀን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ሁለቴ የሚያጠብቀው

ልጅዎ