ቀላሉ ጠመንጃና የመጀመሪያዋ ጥይት

ሴፕቴምበር 3

ዝናብ። ጠዋት ድንች ስናወጣ አረፈድን፣ ከሰዓት አዲሱን ጠመንጃ ሞከርኩ። ከልብ ቀዶ ጥገናው ወዲህ የአባቴን ከባድ ጠመንጃ ተሸክሜ ተራራ መውጣት ስላቃተኝ፣ ይህን ቀላሉን የገዛችልኝ ሚስቴ ማርዬታ ናት። ጥይቶቹ ግን እንደ ደነገጠ በግ ተበታተኑ።

የአዳኞች ማኅበራችን አለቃ ጺሪል ቆሞ ያይ ነበር። "ቪንኮ፣ እሑድ ሦስቱንም ጥይት እዚህ የኢላማው ክብ ውስጥ ካላስገባህ ዘንድሮ የተራራ ፍየል የለም። አቁስለህ ስትከተለው ገደል ትገባብናለህ።"

እውነቱን ነው። ግን ዘንድሮ ከቀረሁ ከርሞ እወጣለሁ? አይመስለኝም…

ሴፕቴምበር 5

ጠመንጃ ሠሪው ቦጎሚር ዘንድ። በብረቱና በእንጨቱ መሃል ቀጭን ወረቀት ሊያሳልፍ ሞከረ፤ ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። "ዝናብ ሲያበሰብሰው የት ነው የምታደርቀው?" ምድጃው አጠገብ፣ እንደ አባቴ። "ምነው፣ ጠመንጃ ነው ቋሊማ?"

እንጨቱ ተጣሞ ብረቱን ይገፋው ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ፋቀልኝ። ወረቀቱ አለፈ። እግዜር ይስጠው።

ሴፕቴምበር 6

ቀጭን ብረት ቶሎ ይግላል፤ በየመሃሉ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። ጠበቅ አድርጌም ያዝኩት፣ ቀላል ስለሆነ ይዘላል። ከሦስቱ የኋለኞቹ ሁለቱ ኢላማው ላይ ተነካኩ። የመጀመሪያዋ ግን አራት ጣት ወደ ላይ… ለምን? ተራራ ላይ ያለችኝ እኮ እሷው ናት።

ሴፕቴምበር 7

ቁርስ ላይ ማርዬታ፦ "ትናንትም ቀባኸው? ከሰላጣችን የበለጠ ዘይት የሚጠጣው እሱ ነው።"

ዳቦው አፌ ላይ ቀረ። "ጠመንጃ ደርቆ አይደር" ይል ነበር አባቴ፤ ሁሌም ውስጡን ቀብቼ ነው የማሳድረው። የመጀመሪያዋ ጥይት በዘይት ውስጥ ነዋ የምታልፈው! በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ ተኮስኩ። መሃል። ተመልሼ ግንባሯን ሳምኳት። "ጢምህ ዘይት ዘይት ይላል" አለችኝ።

ሴፕቴምበር 9

ሦስቱም ገቡ። ጺሪል ኢላማውን አጥፎ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ።

ሴፕቴምበር 15

ከጺሪል ጋር ወጣን። ቀስ እያልን፣ እያረፍን… ጠመንጃው ትከሻዬ ላይ መኖሩም አልተሰማኝም። ያረጀ ወንድ ፍየል፣ ብቻውን፣ ድንጋይ ላይ። አንድ ጥይት። ባለበት ወደቀ፣ አልተሰቃየም። ተመስገን።

እንደ ወጋችን የጥድ ቅርንጫፍ አፉ ውስጥ አኖርንለት፣ የመጨረሻ ምግቡ። ሌላ ቅርንጫፍ፣ የአዳኙን ድርሻ፣ ጺሪል ባርኔጣው ላይ አድርጎ ሰጠኝ። "ከርሞም አብረን ነን" አለ። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም።

ማርዬታ በር ላይ ነበረች። ስለ ፍየሉ አልጠየቀችም። እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ የልቤን ምት ስታዳምጥ ቆየች… ከዚያ "እሺ፣ ግባ" አለች።

ለካ ያን ጠመንጃ የገዛችልኝ እየፈራች ነው።