ባቡርን ለሰቆጣ ያስተዋወቅሁ እኔ ነኝ

ሰቆጣ፣ ኅዳር 1958 ዓ.ም.

ውድ ይታየሽ፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ አገሬ በደህና ገብቻለሁ። ደህና ብቻ አይደለም፣ ሰዉ ያባቴን ስም ትቶ «ይግዛው ባቡሩ» ይለኝ ጀመር። ጣቢያ ላይ ተሸካሚ መሆኔን አላወራሁም። ባቡሩ ያለ እኔ አይነቃነቅም ነው ያልኩት። ውሸት ነው እንዴ? ጓዙን ማን ይጭነዋል?

«አባቴ እዚህ መጥተው ሳይመርቁን አላገባህም» ያልሽኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። አባትሽ የኔታ ገብረ ሊባኖስ ግን መኪና ሲያዩ እንኳ የሚያማትቡ ሰው ናቸው። ፊት ለፊት ብነግራቸው እምቢ ይላሉ። አገሩ ሁሉ ባቡር ባቡር ካለ ግን መስማታቸው አይቀርም ብዬ፣ በገበያ ቀን ድንጋይ ላይ ወጣሁ።

«የቁልቢ ስለት ያለበት ይስማኝ» አልኩ። «ካዲሳባ ድሬዳዋ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ነው። በመስኮት ነፋስ እየተቀበላችሁ፣ ስንቃችሁን እየፈታችሁ። ዳገት የለ፣ የወንዝ ሙላት የለ። የሚሮጠው ዛፉ ነው።»

ማንጠግቦሽ፣ ያቺ ማር ሻጯ፣ «ምን ይበላል?» አለችኝ።

«ናፍጣ ይጠጣል።»

«በጾምም?»

«በጾምም።»

«እንግዲያ የኔታ አይወጡበትም» አለች። ገበያው በሳቅ ፍርስ አለ።

ይሳቁ። ሳቁ ደጀ ሰላም ደረሰልኛ። በማግስቱ የኔታ አስጠሩኝ።

«ና አንተ ወሬኛ። ያ ባቡርህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ይቆማል?»

ወዲያው ገባኝ። በቅሎ ላይ ሆነው ጉልላት ካዩ ሳይወርዱ፣ ሳይሳለሙ አልፈው አያውቁም። አንቺንስ ተፈናጥጠሽ ስንቴ ጭቃ ላይ አውርደውሻል። ይቆማል ልል ነበር። ግን ተቀይመው ጣቢያሽ ላይ ሲወርዱ ታዩኝና ውሸቱን ተውኩት።

«አይቆምም፣ የኔታ።»

«ልወርድበት የማልችል ከብት ላይ አልወጣም።» አስከትለውም በአገውኛ አንድ ነገር ጨመሩ። ሲቆርጡ እንደዚያ መሆናቸውን ታውቂያለሽ።

በቃ፣ አንቺን ያጣሁሽ መሰለኝ። ጧት ተነስቼ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ ቆላውን እንደ ባሕር ሞልቶታል። ይታየሽ ሙች፣ በዚያ ጉም ላይ ባቡር ሲመጣ አየሁ። ከጋዝጊብላ በኩል፣ ኮቴ የለው፣ ጭስ የለው፣ ደመናውን እየገፋ በዝግታ። በየመስኮቱ የምናውቀው ሰው ተቀምጧል፣ የሞቱትም ሳይቀሩ። ከሁሉ መሀል አንድ ሰው ብቻ ቆመዋል። ጋቢያቸውን ለየሁት።

እየሮጥኩ ሄድኩ።

«የኔታ፣ ባቡሩ ባይቆም እርስዎ ይቁሙ።»

«ምን?»

«በቅሎ ላይ ቆሞ መሄድ አይቻልም። ባቡር ውስጥ ግን ይቻላል። ማኅሌት ቆመው ለሚያድሩ ሰው ይቺ ምን አላት?»

መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ።

«ወለል አለው?» አሉኝ።

«እንደ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ደልዳላ።»

«መቋሚያዬን ያስገባል?»

«ከነጸናጽልዎ። እኔ መስኮቱ ዳር እሆንና ጉልላት ባየሁ ቁጥር እነግርዎታለሁ።»

«አንተ ጉልላት ከጋን አትለይም» አሉ። «ካዲሳባ ጀምሬ ቆሜ እሄዳለሁ። ሳልሳለመው የሚያልፈኝ እንዳይኖር።»

ስለዚህ ይታየሽ፣ እየመጣን ነው። እስከ ኮረም በበቅሎ፣ ከዚያ በየደጀ ሰላሙ እያስቆምን በአውቶቡስ፣ ከዚያ በኔ ባቡር፤ ለታኅሣሥ ገብርኤል እንደርሳለን። ማንጠግቦሽም ስለት አለብኝ ብላ ማሯን አዝላ ተከትላናለች፤ እሷ እንኳ ወንበሩን ነው የፈለገችው።

ባቡሩ ሲገባ ከተቀመጡት መሀል አትፈልጊን። መቋሚያ ተደግፈው የቆሙ ሽማግሌ ካየሽ አባትሽ ናቸው። አጠገባቸው የቆመው እኔ ነኝ። ስለዚያ ወንበር ያን ያህል ብለፍፍም፣ እሳቸው ቆመው ሳለ ልጃቸውን ልለምን ቁጭ ብዬ አልመጣም።

ያንቺው ይግዛው ባቡሩ