የሰገነታችንን ፀሐይ ስለወሰዱልን

ሮም፣ የካቲት ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ለክቡር ዶቶር ፓውሎ
በቶር ፒኛታራ ሰፈር የሕንፃችን ባለቤቶች ማኅበር ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎን እንዴት ሰነበቱ? ደረጃውን ሲወጡ ጉልበትዎ አይዛል፣ ሳል በደጅዎ አይለፍ፣ ክረምቱም እንደ እርስዎ ሳሎን እንጂ እንደ እኛ ክፍል አይሁንብዎ እያልኩ፣ በዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት የምኖረው ልብስ አጣቢዋ ዘርፈሽዋል ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ንቀት ይዞኝ አይደለም። በጣሊያንኛ ደጋግሜ ጽፌልዎ መልስ ስላጣሁ፣ ማጣቴ ካልቀረ በራሴ ቋንቋ ልጣው ብዬ ነው። አንዱን ቅጂ ከፖስታ ሳጥንዎ እከተዋለሁ፤ ሌላውን ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ያገሬ ሰው ከሚሰበሰብበት ቡና ቤት ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። የሚያነበው ሰው ባያግዘኝ እንኳ ይረዳኛል።

ውለታዎ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ደመናው አመሰግናለሁ። በ፲፱፻፸፰ የሕማማት ሳምንት ነበር። የአገሬ መንግሥት ወዳጅ በሆነችው በሶቪየት ኅብረት የአቶም ጣቢያ ተቃጥሎ ደመናው እስከ ሮም መጣ ተባለ። ሰላጣና ጎመን እንዳይሸጥ፣ ሕፃናትም ወተት እንዳይጠጡ ታዘዘ። እኛ ጾም ላይ ስለነበርን ወተቱ አላሳሰበንም፤ በጎመኑ ግን ተጎዳን። እርስዎም ከዚያ አስቀድመው ለጤናችን በማሰብ፣ ሰገነቱ ላይ ማንም ልብስ እንዳያሰጣ የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፉ።

ያን ዕለት ገመዱ ሞልቶ ነበር። ከእኔ ጋር የምትሠራውና አንድ ክፍል የምንጋራው ኣዜብ ከአሥመራ የመጣች ናት፤ እኔ ከደሴ። ሁለታችን የሮምን ሐበሻ ነጠላና ቀሚስ ለፋሲካ አጥበን አስጥተን ነበር። ሁሉንም አውርደን እንደገና አጠብን። ደረጃው ላይ አግኝቼዎ፣ «ዶቶሬ፣ ይኼ ነገር በሳሙና ይለቃል?» ብዬ ስጠይቅዎ፣ «እንግዲህ ሲኞራ፣ ማንም አያውቅም» አሉኝ። ከእርስዎ የሰማሁት የመጨረሻው እውነት ይህ ስለሆነ ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። በዚያ ፋሲካ ደንበኞቻችን እርጥብ ነጠላ ለብሰው አስቀደሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማስታወቂያው ተነሣና ወደ ሰገነታችን ተመለስን። አቶሙ ፀሐያችንን ወሰደና መለሰ፤ መመለሱን ልብ ይበሉልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርጫው። በተከታዩ ዓመት ማለቂያ ጣሊያን በሙሉ በአቶም ጉዳይ ድምፅ ሊሰጥ ሲሰናዳ፣ እርስዎ ፀሐይ የተሳለባት ባጅ ደረትዎ ላይ ሰክተው ነዋሪውን ግቢው ውስጥ ሰበሰቡ። እኛ ለአገሩ ባዕድ፣ ለሕንፃው ተከራይ ስለሆንን በሁለቱም በኩል ድምፅ አልነበረንም። ቢሆንም ከኋላ ተቀምጠን አዳመጥን። «ፀሐይ ጢስ የላት፣ ዝቃጭ የላት፣ ማንንም አትጎዳ» ሲሉ ኣዜብ መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች። እኔም አጨበጨብኩ። ከልብስ አጣቢ የበለጠ ፀሐይን የሚወድ ማን አለ? ደስታችን ውስጥ አንዲት ጥያቄ አልነበረችም። ውኃውን በፀሐይ የሚያሞቁት ፓኔሎች የት እንደሚተከሉ አልጠየቅንም፤ እርስዎም ሊያስጨንቁን አልፈለጉም።

ሦስተኛ፣ ስለ ገመዱ። ፀደይ ሲገባ ሠራተኞች መጥተው የማስጫ ምሰሶዎቹን ነቀሉ፤ ገመዱንም በጥሰው ከቆሻሻው ጋር ጣሉት። በቦታው ጥቁር ጥቁር ፓኔል ተደረደረ። ሕንፃውን ሙቅ ውኃ ሲያጠጣ የኖረው አሮጌ የውኃ ማሞቂያ ለብረት ሻጭ ተሰጠ፤ የሰገነቱም በር በአዲስ ቁልፍ ተዘጋ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ «ልብሱንስ የት እናስጣው?» አልኩዎ። ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ፣ «ሲኞራ፣ ዘመኑ የማሽን ነው፤ ማድረቂያ ግዙ» ብለው መከሩኝ።

ምክርዎን ሰምተን ያገለገለ ማድረቂያ ገዛን። በመጀመሪያው ቀን ስንቀሰቅሰው ክፍላችን ጨለመ። የመብራት ኃይል ሠራተኛው ጁሴፔ መጥቶ ቆጣሪውን ከፍ ባለ ሲቀይርልን፣ ኣዜብ ለወጉ ያህል፣ «እንግዲህ ይኼም ከፀሐይ ነው?» አለችው። ሰውየው ብሎኑን ማጥበቁን ትቶ ሳቀ። «የእኛ የአቶም ጣቢያዎች ሥራ አቁመዋል፤ የጎደለውን ከፈረንሳይ እንገዛለን። የፈረንሳዩ ደግሞ አብዛኛው ከአቶም ነው» አላት።

«ታዲያ ያ ደመና በሰማይ ቢከለከል በሽቦ ገባ በለኛ!» አለችና እሷም ሳቀች። ያን ጊዜ ገና መሳቅ ትችል ነበር።

ክቡር ሆይ፣ የትኛው እንደሚሻል እኔ አልፈርድም። የከሰሉ ጢስ ያንቃል፤ የአቶሙን ዝቃጭ የት እንደሚቀብሩት የሚያውቁትም የሚስማሙ አይመስሉም፤ ፀሐይም ብትሆን ቦታ ትፈልጋለች። ግን ያ ቦታ ባዶ አልነበረም። እርስዎ ውኃዎን በፀሐይ ሲያሞቁ፣ እኛ ፀሐይ በነፃ ታደርቅልን የነበረውን ልብስ በሰው አገር አቶም ማድረቅ ጀመርን። ይህን ሂሳብ ማን እንዳሠራልዎ ባውቅ ምስጋናዬን ለእሱም ባካፈልኩት።

አራተኛ፣ ስለ ቀሚሱ። የሐበሻ ልብስ ጥጡ በእጅ የተፈተለ ነው፤ ነፋስና ፀሐይ ይወዳል። ባለቤታቸው በእርሻ ጉዳይ ከሚሠራ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ያሉ ወይዘሮ መሠረት የሚባሉ ደንበኛ ነበሩን። ለልጃቸው ሠርግ ከአዲስ አበባ ያስመጡትን ቀሚስ ሰጡን። ዝናቡ አላባራ አለ፣ ቀኑ ደረሰ፣ እኛም ፈራ ተባ እያልን ከማድረቂያው ከተትነው። ሲወጣ ጥበቡ ተኮማትሮ ቀሚሱ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን መሰለ። ወይዘሮ መሠረት አልጮኹም። አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና፣ «ግድ የለም፣ ልብስ ነው» ብለው ወጡ። ቢጮኹ ይሻለን ነበር። ከዚያ ወዲያ እሳቸውም፣ እሳቸው የላኩልን ሰዎችም አልተመለሱም። ማድረቂያውን አቆምንና ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጥረን በምንተኛበት ክፍል ማስጣት ጀመርን።

አምስተኛውን ባልጽፈው እወድ ነበር።

መኸር ሲገባ ግድግዳችን ማላብ ጀመረ። ከማዕዘኑ ጥቁር ሻጋታ ተነሣና ወደ አልጋችን ወረደ። ኣዜብ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ትስል ነበር፤ በኋላ አረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት። ሐኪሙ አዳምጧት፣ «ከዚህ እርጥበት ካልወጣሽ የማዝልሽ መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው» አላት። እርስዎ ዘንድ አብረን መጣን። ሰገነቱን በሳምንት ለጥቂት ሰዓት፣ በአንዲት ጥግ ብቻ እንዲፈቅዱልን ለመንን። ኣዜብ ሳሉ ስለያዛት እኔ ነበርኩ የማወራው። በትሕትና አዳመጡንና፣ «የአንሶላ ጥላ ፓኔሉ ላይ ካረፈ ጉልበቱን ይቀንሳል» አሉን። አንሶላ ያን ያህል ኃይል እንዳለው እስከዚያ ቀን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በታኅሣሥ ውርጭ የፓኔሎቹ ቱቦ ፈነዳ። ውስጡ የነበረው መርዛማ አረንጓዴ ፈሳሽ በደረጃው ወርዶ ግቢው ውስጥ የነበሩትን አበቦች አደረቀ፤ ድመቶቹም እንዳይልሱት ሁላችን በየተራ አባረርን። ፓኔሎቹን የተከለው ድርጅት ሲፈለግ ተዘግቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የሕንፃው ሰው ሁሉ በኤሌክትሪክ ውኃ ያሞቃል፤ ፓኔሎቹም ቀኑን ሙሉ ለማንም ሳይሆኑ ይሞቃሉ። የሞተን ነገር ጥላ አይጎዳውም ብዬ እንደገና ቁልፉን ብለምንዎ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ሰገነቱ መታሸጉን ነገሩኝ።

ኣዜብ በጥር ወደ ጄኖቫ ሄደች፤ የአንዲት አሮጊት ቤት ተቀጥራ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሻንጣዋን ይዤ ሸኘኋት። አገር ቤት የእሷ ወንድምና የእኔ ወንድም ናቅፋ ላይ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየተያዩ ይተኳኮሱ እንደሆነ አናውቅም፤ ሬዲዮው ስለ ጦርነቱ ሲያወራ አንዳችን ተነሥተን እንዘጋው ነበር። በዚህ ምክንያት አንድም ቀን ክፉ አልተነጋገርንም። ጦርነቱ ያላለያየንን እርጥበት ለያየን።

ባቡሩ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ዘንበል ብላ፣ «ዘርፌ፣ ገመዱን ወደ በሩ አዙሪው፤ አልጋሽ ላይ እንዳይንጠባጠብ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት። ያን ማታ ገመዱን ወደ በሩ አዞርኩት።

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ የምጠይቀው ምንም ነገር የለም፤ መጠየቅ ሰለቸኝ። ፓኔሎቹ ይነሡ አልልም፤ በሩ ይከፈት አልልም። ብቻ ማንንም አትጎዳም ያሏት ፀሐይ ማንን እንደጎዳች ስሟን ይወቁልኝ፤ ኣዜብ ትባላለች።

ለሕንፃችን ያለዎት አሳቢነት ሳይቀንስ፣ ባይሆን ወደ ሌላ ሕንፃ ዞር ብሎ ትንሽ እንዲያሳርፈን እየተመኘሁ፣ በከፍተኛ አክብሮትና በማያቋርጥ እርጥበት

ዘርፈሽዋል
ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ሲኞራ ግራዚዬላ የላኳቸው ነጫጭ ሸሚዞችዎ ታጥበዋል። እሑድ በጎረቤት ሕንፃ አዳዲስ ፓኔሎች መርቀው ሲከፍቱ የሚለብሷቸው መሆኑንም ነግረውኛል። ሆኖም ከሰኞ ጀምሮ ክፍሌ ውስጥ ተሰቅለው እስካሁን አልደረቁም፤ ሽታቸውም ሻጋታ ሻጋታ ነው። እንዳሉ እልክልዎታለሁና እርጥቡን ለብሰው በዚያ ሕንፃ ሰገነት ፀሐይ ላይ ይቁሙ። እዚያ ጥላዎ ፓኔሉን ይጎዳል ብሎ የሚከለክልዎ ሰው አይኖርም።